ያልተመዘገበና ያልተቆጠረ፦ የዘዋሪው የቤዝቦል ወርዋሪ የሳቸል ፔጅ የሥራ ዘመን

መግቢያ

በስፖርት ታሪክ ጥናት የአንድ ተጫዋች የሥራ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከሊግ መዝገብ በመነሣት ነው። የተሰለፈባቸው ዓመታት፣ ያገኘው ድልና የደረሰበት ሽንፈት በሠንጠረዥ ይሰፍራሉ፤ ተመራማሪውም ከሠንጠረዡ ተነሥቶ ታሪኩን ያቀናብራል። ይህ አሠራር ዘመኑን በአንድ ሊግ ውስጥ ለፈጸመ ተጫዋች ይበጃል። ከቡድን ወደ ቡድን፣ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ለኖረ ተጫዋች ግን ሠንጠረዡ ከሚያስቀረው የሚያሳየው ያንሳል።

ሌሮይ ሮበርት ፔጅ፣ በሚታወቅበት ቅጽል ስሙ ሳቸል ፔጅ (1906–1982)፣ ከአርባ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ኳስ ሲወረውር የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ስላገኘው ድል ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይጠቀሳሉ። እስከ 2024 ድረስ የሜጀር ሊግ መዝገብ የሚያውቅለት 28 ድል ነበር። በዚያ ዓመት የጥቁሮች ሊጎች መዝገብ ሲካተት ቁጥሩ ወደ 125 ከፍ አለ። እርሱ ራሱ በሕይወት ሳለ ይናገር የነበረው ደግሞ 250 ለሚያህሉ ቡድኖች ተሰልፎ ከ2000 የሚበልጥ ድል ማግኘቱን ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከሦስቱ ቁጥሮች ትክክለኛውን መምረጥ አይደለም። ጥያቄው የአንድ ሰው ሥራ በሦስት መዝገብ ይህን ያህል ሊራራቅ የቻለው ለምን እንደሆነ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛ፣ የፔጅ ዝውውር በዘር በተዘጋ የሥራ ገበያ ውስጥ ለደመወዝ መደራደሪያ የነበረው ዋና መሣሪያ ነው፤ የጠባይ አለመርጋት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሁለተኛ፣ ከመዝገቡ የጎደለው ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከቶ ያልተመዘገበ አለ፣ ተመዝግቦ ሳለ ያልተቆጠረም አለ። ሁለቱን መለየት ለተመራማሪው አስፈላጊ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የወርዋሪው ሥራና የድል አቆጣጠር

ቤዝቦል ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚካሄድ፣ በመደበኛው ዘጠኝ ኢኒንግ የሚባሉ ዙሮች ያሉት ጨዋታ ነው። ወርዋሪው በሜዳው መካከል ካለች ጉብታ ላይ ቆሞ ዱላ ወደያዘው መቺ ኳስ ይወረውራል። መቺው ኳሱን በሚገባ እንዳይመታ ማድረግ የወርዋሪው ዋና ተግባር ነው። መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ወይም ተታሎ ከወጣ ለወርዋሪው ስትራይክአውት ይመዘገብለታል።

የጨዋታው ውጤት ከሌሎቹ ተጫዋቾች በተለየ በወርዋሪው ስም ይጻፋል፤ የቡድኑ ድል የእርሱ ድል፣ ሽንፈቱም የእርሱ ሽንፈት ሆኖ ይሰፍራል። ለዚህ አሠራር አንድ ገደብ አለ። በጸናው ደንብ መሠረት ጨዋታውን የጀመረ ወርዋሪ ድሉ በስሙ እንዲጻፍለት ቢያንስ አምስት ኢኒንግ መወርወር አለበት። ደንቡ የሚስማማው በየአራት ወይም በየአምስት ቀኑ ተራው ሲደርስ እየተሰለፈ ረጅም ሰዓት ለሚወረውር የአንድ ቡድን ቋሚ ተጫዋች ነው። ፔጅ በ1940ዎቹ ይሠራ የነበረው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሁኔታ ነው። ስሙ በማስታወቂያ ይነገራል፤ ተመልካች እርሱን ለማየት ይመጣል፤ እርሱም ሁለት ወይም ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ ሜዳውን ለሌላ ይለቃል፤ በማግሥቱም በሌላ ከተማ ይሰለፋል። ተመልካች የከፈለበት ሥራ ተሠርቷል፤ በድል ዓምድ ላይ ግን ምንም አይጻፍም። ስለዚህ የሥራው ዓይነትና የመለኪያው ዓይነት ከመጀመሪያውም አይጣጣሙም ነበር።

የተዘጋው ገበያና የላላው ውል

የአሜሪካ ሜጀር ሊጎች ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በጽሑፍ ባልሰፈረ ስምምነት ለጥቁር ተጫዋቾች ዝግ ነበሩ። በዚህም ምክንያት በ1920 ሩብ ፎስተር በተባለ የቀድሞ ወርዋሪ መሪነት በካንሳስ ሲቲ ከተማ የጥቁሮች ብሔራዊ ሊግ ተመሠረተ፤ ሌሎችም ሊጎች ተከተሉ። እነዚህ ሊጎች አቅማቸው ውስን ስለነበር ቡድኖቹ በሊግ ጨዋታ ገቢ ብቻ መኖር አይችሉም ነበር። ከሊግ ጨዋታዎች መካከልና ከወቅቱ ፍጻሜ በኋላ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ከአካባቢ ቡድኖች ጋር በመጋጠም ወጪያቸውን ይሸፍኑ ነበር።

በሁለቱ ገበያዎች መካከል የነበረው የውል ልዩነት ለዚህ ጥናት መሠረታዊ ነው። በሜጀር ሊግ ውል ውስጥ የማቆያ አንቀጽ የሚባል ድንጋጌ ነበር። አንቀጹ ክለቡ የተጫዋቹን ውል በየዓመቱ እንዲያድስ መብት ስለሚሰጥ፣ ነጭ ተጫዋች ምንም ያህል ዝነኛ ቢሆን ክለቡ ካልሸጠው ወይም ካላሰናበተው በቀር ወደ ሌላ ክለብ ሄዶ ደመወዙን መደራደር አይችልም ነበር። ይህ ሥርዓት የተናጋው በ1975 መጨረሻ በግልግል ዳኝነት ውሳኔ ነው። በጥቁሮች ሊጎች ግን ውሉ ቢኖርም የሚያስከብረው ኃይል ደካማ ነበር፤ አንዳንዱ ስምምነት ከናካቴው በቃል ብቻ ነበር።

ከዚህ አንድ ተቃርኖ ይወለዳል። ከታላቁ ገበያ በቀለሙ የተባረረው ተጫዋች፣ በታላቁ ገበያ ውስጥ ያለው ነጭ ባልደረባው የማያውቀውን የመንቀሳቀስ ነጻነት ያገኛል። ነጻነቱ ከመብት የመነጨ አልነበረም፤ ምንጩ የተቋማቱ ድህነት ነው። ቢሆንም ሊጠቀምበት ለሚችል ሰው እውነተኛ የመደራደሪያ ኃይል ነበር። ፔጅ ከማንም በላይ ተጠቅሞበታል።

ሦስት የዝውውር ዓይነቶች

ፔጅ የተወለደው በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ነው። ሳቸል ማለት የእጅ ሻንጣ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኞችን ሻንጣ ይሸከም ስለነበር ነው ይባላል። በ12 ዓመቱ በማውንት ሜግስ ወደሚገኝ የጥቁር ልጆች ማረሚያ ትምህርት ቤት ተላከ፤ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1923 መጨረሻ ወጣ። የመወርወር ጥበብን በሚገባ የተማረው በዚያ ነው። በ1926 በቻታኑጋ ከተማ በሙያተኛነት ተሰለፈ፤ ከ1927 ጀምሮ ደግሞ ለበርሚንግሃም ብላክ ባሮንስ መጫወት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ዝውውር በሦስት ዓይነት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ኪራይ ነው። ባለቤቱ ተጫዋቹን ለተወሰነ ጨዋታ ወይም ጊዜ ለሌላ ቡድን ያከራያል፤ ከመግቢያ ገቢው የተወሰነ ድርሻም ይቀበላል። በርሚንግሃም ሳለ ለሌሎች ቡድኖች ይሰጥ ነበር፤ በ1930 ለባልቲሞር ብላክ ሶክስ የተሰለፈው በዚህ ዓይነት ነው። በ1940ዎቹ የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ባለቤት የነበረው ጄ. ኤል. ዊልኪንሰንም ገቢው ለቀነሰበት ቡድን ፔጅን በማከራየት የብዙ ቡድኖችን ካዝና ደጉሟል። በኪራይ ጊዜ ዝውውሩን የሚወስነው ባለቤቱ ቢሆንም፣ ፔጅ ከገቢው የራሱ ድርሻ እንዲታሰብለት ማድረጉ ከሌሎች ተጫዋቾች ይለየዋል።

ሁለተኛው ውል ጥሎ መሄድ ነው። ፔጅ ከ1931 ጀምሮ የተጫወተው ገስ ግሪንሊ ለተባለ ባለሀብት ቡድን፣ ለፒትስበርግ ክሮፎርድስ ነበር። በ1933 ወቅቱ ሳይጠናቀቅ ወደ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ሄዶ ለቢስማርክ ከተማ ቡድን ተሰለፈ፤ በ1935 ደግሞ ከግሪንሊ ጋር በደመወዝ ባለመስማማቱ ወቅቱን በሙሉ በዚያ አሳለፈ። የቢስማርክ ቡድን ባለቤት ኒል ቸርችል መኪና ሻጭ ነበር፤ በቡድኑም ጥቁሮችና ነጮች አብረው ይጫወቱ ነበር። ይህ የሆነው ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ በመሰለፍ የሜጀር ሊግን የዘር አጥር ከመስበሩ 12 ዓመታት ቀድሞ ነው። በ1935 ቢስማርክ በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የብሔራዊ ቤዝቦል ኮንግረስ ውድድር አሸነፈ። ፔጅ በዚያ ውድድር ብቻ አራት ድልና 60 ስትራይክአውት አስመዝግቧል።

ከውል መጣሶች ሁሉ ጎልቶ የሚታወቀው የ1937ቱ ነው። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ አምባገነን ራፋኤል ትሩሂዮ በስሙ የሚጠራውን የዋና ከተማውን ቡድን ለማጠናከር ፈለገ። ወኪሎቹ ፔጅን በኒው ኦርሊንስ አግኝተው ለእርሱና እርሱ ለሚመለምላቸው ስምንት ተጫዋቾች 30,000 ዶላር አቀረቡ። ጆሽ ጊብሰንና ኩል ፓፓ ቤል ተከትለውት ሄዱ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ገንዘቡ የፈሰሰበት አገር ግን ዋጋ ከፍሏል፤ የዶሚኒካን ክለቦች በዚያ ወቅት ወጪ ስለደከሙ የሙያተኞች ሊግ እስከ 1951 ተቋርጦ ቆየ። ተጫዋቾቹም ሲመለሱ በሊጋቸው ስለታገዱ በዶሚኒካኑ መሪ ስም የተሰየመ የዙረት ቡድን አቋቁመው በየከተማው ተጫወቱ።

ሦስተኛው ዙረት ነው። የሊግ ወቅት ሲያበቃ ታዋቂ ተጫዋቾች ቡድን መሥርተው ከተማ ለከተማ ይዞራሉ። ፔጅ በ1934 በነጩ ወርዋሪ በዲዚ ዲን ከሚመራ ቡድን ጋር፣ በ1946 ደግሞ በቦብ ፌለር ከሚመራ ቡድን ጋር ተከታታይ ግጥሚያ አድርጓል። የ1946ቱ ዙረት በአውሮፕላን የተካሄደ ሰፊ የንግድ ሥራ ነበር። በዙረት ጊዜ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች በአንድ ሜዳ ላይ ይፎካከሩ ነበር፤ በሊግ ጨዋታ ግን በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘት አይፈቀድላቸውም ነበር።

ከዙረት ቡድኖች መካከል አንዱ ለኢትዮጵያውያን አጥኚዎች የተለየ ትርጉም አለው። በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ የጣሊያን ወረራ የኢትዮጵያን ስም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ባስተጋባበት ጊዜ፣ በማያሚ የተነሣ አንድ ቡድን ኢትዮጵያን ክላውንስ የሚል ስም ይዞ ይዞር ነበር። ክላውን ማለት ተመልካች የሚያስቅ ቀልደኛ ማለት ነው። ቡድኑ ጥሩ ተጫዋቾች ቢኖሩትም ፊታቸውን ቀለም ቀብተው መቀለዳቸውና ይህንንም በኢትዮጵያ ስም ማድረጋቸው ከጥቁሮች ጋዜጦችና ከሊግ መሪዎች ተቃውሞ አስነሥቷል። ቡድኑ በ1943 ወደ ጥቁሮች አሜሪካን ሊግ ሲገባ የኢትዮጵያን ስም ተወ፤ በኋላም ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ተባለ። ፔጅ በ1967 በስልሳ ዓመት ዕድሜው ገደማ ከዚሁ ቡድን ጋር ዞሯል። ወደ ሊግ መግባት ማለት መዝገብ ማግኘት ብቻ እንዳልነበረ፣ ክብርንና ስምን የሚመለከት ድርድርም እንደነበረበት ይህ ቡድን ያሳያል።

የዝውውር ዋጋ

ፔጅን እንደ ድል አድራጊ ተደራዳሪ ብቻ መሣል የታሪኩን ግማሽ መተው ይሆናል። ነጻነቱ ሁለት ዋጋ ነበረው።

አንደኛው በራሱ አካል ላይ የደረሰ ነው። በ1938 ግሪንሊ የፔጅን ውል ለኒውዋርክ ኢግልስ በ5,000 ዶላር ሸጠ። ፔጅ ግን ወደ ኒውዋርክ በመሄድ ፈንታ ወደ ሜክሲኮ ሄደ፤ በዚያም ክንዱ ታመመ። ክንዱን ማንሣት ያቃተው ወርዋሪ ከሙያው እንደወጣ ይቆጠራል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት፣ በጋውን በአሜሪካ፣ ክረምቱን በሞቃት አገሮች የሚወረውር ሰው ክንዱን የሚጠብቅለት ክለብ አልነበረውም፤ ጉዳት ሲደርስበት የሚከፍለው መድንም አልነበረም። በ1939 ዊልኪንሰን ስሙን ብቻ ለማስታወቂያ በመጠቀም ለሞናርክስ ሁለተኛ የዙረት ቡድን ቀጠረው። በዚያ ጉዞ ላይ ክንዱ ቀስ በቀስ አገገመ። ዝውውር ያደከመውን ክንድ ያዳነውም ዝውውር ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት በፖርቶሪኮ ለጓያማ ቡድን ተሰልፎ 19 ድል፣ 3 ሽንፈትና 208 ስትራይክአውት አስመዘገበ።

ሁለተኛው ዋጋ በጥቁሮች ተቋማት ላይ የደረሰ ነው። ክሮፎርድስ በ1937 ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ሲያጣ ከዚያ በኋላ አላንሰራራም። በ1938 መጨረሻ ግሪንሊ በራሱ ገንዘብ ያሠራው ሜዳ ፈረሰ፤ ቡድኑም ተሸጦ በ1939 ወደ ቶሌዶ ከተማ ተዛወረ። የውሉ መላላት ለተጫዋቹ በር ሲከፍት ለባለቤቱ ጣሪያ ያፈርስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው ድክመት ከውጭ በመጣ ኃይልም ተጠቅሞበታል፤ ብሩክሊን ዶጀርስ በ1945 ጃኪ ሮቢንሰንን ሲያስፈርም ይጫወትበት ለነበረው ለሞናርክስ ምንም ካሳ አልከፈለም። ስለዚህ የፔጅን ዝውውር መገምገም ያለብን በሁለት ወገን ነው። ሠራተኛው ሊበዘበዝ አልፈቀደም፤ ነገር ግን ጥሎት የሄደው አሠሪም በተመሳሳይ የዘር አጥር ውስጥ የታጠረ ነበር።

በበሩ ውስጥ፦ የቀናት ሒሳብ

የክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ባለቤት ቢል ቪክ ፔጅን ያስፈረመው በሐምሌ 7 ቀን 1948 ነው፤ ዕለቱ 42ኛ የልደት ቀኑ ነበር። የስፖርት ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ጄ. ጂ. ቴይለር ስፒንክ ውሉ ለማስታወቂያ የተደረገ ነው ሲል ነቀፈ። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ፔጅ በግማሽ ወቅት 6 ጊዜ አሸንፎ 1 ጊዜ ተሸነፈ፤ በነሐሴ 20 ቀን ቺካጎን ያለ ነጥብ ያስቀረበትን ጨዋታ በክሊቭላንድ 78,382 ሰው ተመለከተው። በጥቅምት ወር በዓለም ተከታታይ ውድድር የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ቪክ ሴንት ሉዊስ ብራውንስን ሲገዛ ፔጅን ከ1951 እስከ 1953 አሰልፎታል፤ በ1952 እና በ1953 በኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። በመስከረም 25 ቀን 1965 ደግሞ ለካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም፤ ዕድሜው 59 ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የመዝገብ ጥያቄ በሌላ መልክ መጣ። የሜጀር ሊግ ጡረታ የሚሰላው በሊጉ ውስጥ በተቆጠረ የአገልግሎት ጊዜ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የሠራው ፔጅ ለጡረታ 158 ቀናት ጎደሉት። በ1926 የጀመረ ሰው አገልግሎቱ መቆጠር የጀመረው በ1948 ስለነበር ከዚያ በፊት ያለፉት 22 ዓመታት ለጡረታ ሒሳብ እንዳልነበሩ ሆኑ። በ1968 አትላንታ ብሬቭስ የጎደሉት ቀናት እንዲሟሉለት በማሰብ በአሠልጣኝነት ቀጠረው። ጉዳዩ በክለቡ በጎ ፈቃድ ተፈታ፤ የቆጠራው ደንብ ግን እንደነበረ ቀረ። ብዙዎች እንደ ስታቲስቲክስ ክርክር የሚያዩት ጉዳይ ለአንድ አረጋዊ ሠራተኛ የእንጀራ ጥያቄ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

በ1971 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲመረጥም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። መጀመሪያ የታሰበው የጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾች በተለየ ክፍል እንዲታሰቡ ነበር። ተቃውሞ በመነሣቱ ሐሳቡ ተለወጠ፤ ፔጅም በነሐሴ ወር ከሌሎቹ ጋር በእኩልነት ወደ አዳራሹ ገባ።

የ2024 ለውጥና ወሰኑ

ሜጀር ሊግ በታኅሣሥ 2020 ከ1920 እስከ 1948 የነበሩ ሰባት የጥቁሮች ሊጎችን በሜጀር ሊግነት አወቀ፤ በግንቦት 2024 ደግሞ አኃዛቸውን በይፋዊ መዝገቡ ውስጥ አካተተ። የፔጅ ድል ከ28 ወደ 125 ያደገው በዚህ ነው። ሥራውን የመሩት ባለሙያዎች ከዘመኑ የሊግ ጨዋታ መዝገብ ሦስት አራተኛው ያህል እንደተገኘ ገምተዋል፤ ይኸውም የተሰባሰበው ተመራማሪዎች የቆዩ ጋዜጦችን ገጽ በገጽ እያገላበጡ በሠሩት የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

የለውጡ ታላቅነት አያጠራጥርም። ነገር ግን የተለወጠው የሊጎች ዝርዝር ነው፤ የመለኪያው አሃድ አሁንም ሊግ ነው። ከላይ የተጠቀሱትን ሥራዎች በዚህ መመዘኛ ብንፈትሽ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በአንድ የገጠር ከተማ ሦስት ኢኒንግ የወረወረበትና ጋዜጣ ያልዘገበው ጨዋታ ያልተመዘገበ ሥራ ነው፤ ምናልባት ለዘላለሙ ጠፍቷል። የዊቺታው 60 ስትራይክአውትና የፖርቶሪኮው 19 ድል ግን በሚገባ ተመዝግበዋል። በድምር ውስጥ የማይገቡት ማስረጃ ስለጠፋ አይደለም፤ የተፈጸሙት ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ጉድለት በተጨማሪ ፍለጋ ሊጠብ ይችላል። ሁለተኛው በፍለጋ አይሞላም፤ መነሻው የተመራማሪው ትጋት ማነስ ሳይሆን የትርጓሜ ውሳኔ ነውና።

የሊግን ወሰን ለማክበር ጥሩ ምክንያት እንዳለም መካድ አይቻልም። የሜዳው ጥራት፣ የተቃራኒው ብቃትና የዳኝነቱ ደረጃ የሚታወቅ ካልሆነ አንዱን ድል ከሌላው ጋር መደመር ትርጉም ያጣል። የትንሽ ከተማ ቡድንን ማሸነፍና የሆምስቴድ ግሬይስን ማሸነፍ አይተካከልም። የተጫዋቹ የራሱ ቃልም እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ ፔጅ በስሙና በወሬው ተመልካች የሚስብ ሰው ስለነበር ዕድሜውን ሳይቀር ምስጢር በማድረግ ይነግድበት ነበር። ከ2000 በላይ የሚለው ቁጥር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ይሁን እንጂ የቁጥሩ መጋነን ሥራው አልነበረም ለማለት አያስችልም። አንድ ሰው መዝገብ በማይያዝበት ገበያ ውስጥ ሲሠራ የሥራው ብቸኛ መዝገብ ያዥ ራሱ ይሆናል፤ ያጋነነውም ማንም ስላልቆጠረለት ጭምር ነው።

ከዚህ በመነሣት ዘዋሪ የሥራ ዘመንን ለሚያጠና ተመራማሪ አንድ አሠራር ማቅረብ ይቻላል። ሁሉንም ወደ አንድ ድምር ከማምጣት ይልቅ ሥራውን በሦስት ዓምድ ከፍሎ ማስፈር ይሻላል፦ በመጀመሪያው በታወቀ ሊግ የተመዘገበ፣ በሁለተኛው ከሊግ ውጭ በአስተማማኝ ማስረጃ የተመዘገበ፣ በሦስተኛው በቃል ወይም በማስታወቂያ ብቻ የሚታወቅ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ተጫዋቹ ወደዚያ የሄደበት መንገድ፣ ማለትም ኪራይ፣ ውል መጣስ ወይም ዙረት፣ ቢጨመርበት ሠንጠረዡ ውጤትን ብቻ ሳይሆን የሥራ ግንኙነትንም ያሳያል። የፔጅ ሁለተኛ ዓምድ ከብዙ ዝነኛ ወርዋሪዎች የመጀመሪያ ዓምድ ጋር ሊወዳደር የሚችል መሆኑም ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል።

ማጠቃለያ

ሳቸል ፔጅ ሰኔ 8 ቀን 1982 በካንሳስ ሲቲ አረፈ። የሥራ ዘመኑ በሦስት ቁጥሮች የተለያየው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሥራ ሳይመዘገብ ጠፍቷል፤ አንዳንዱ ተመዝግቦ ሳለ ከወሰን ውጭ ቀርቷል፤ አንዳንዱም በራሱ አንደበት ገዝፏል። ሦስቱንም ያስከተለው ግን አንድ ነገር ነው፤ ወደ ዋናው ገበያ እንዳይገባ የተከለከለ ባለሙያ ዋጋውን ለማስከበር መዘዋወር ነበረበት፤ በተዘዋወረ ቁጥርም ከመዝገብ ይርቅ ነበር። የመደራደሪያ ኃይል የሰጠው መንገድ ማስረጃውንም የበተነው መንገድ ነው።

የ158ቱ ቀናት ጉዳይ እንደሚያስተምረው መዝገብ ያለፈውን የሚያስታውስ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ማን ምን ሊከፈለው እንደሚገባም ይወስናል። ስለሆነም ተቋማዊ መዝገብን እንደ ምንጭ የሚጠቀም ተመራማሪ በውስጡ ያለውን ከመደመሩ አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ይህ መዝገብ አጥሩን የተከለው የት ላይ ነው? ከአጥሩ ውጭ የቀረውስ የጠፋ ነው ወይስ ያልተቆጠረ?